የመኪናው ኪራይ

«እሷ እዚህ ከቀረች ዕቃው በነጻ ይሄዳል» ሲል በለጡ የወንድሟን ድምፅ ሰማች። ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ ብርጭቆዎቹን ገለባ እያለበሰች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ትደረድር ነበር። ጓዳውን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ እንጨት ብቻ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ካላንሾካሾኩ በስተቀር ነገራቸው ሁሉ ወዲህ ይመጣል። ኪዳነወልድ ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነውና ማንሾካሾክ አይሆንለትም፤ ቤቱም ውስጥ ቢሆን ችሎት ፊት ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው ቃሉን እየለየ ነው የሚናገረው። ሚስቱ ተናኘወርቅ አንድ ነገር አለች፤ አልተሰማም። እሱ ቀጠለ። «አቶ ለማ ቃላቸውን ሰጥተውኛል። ካሚዮናቸው ነገ ማለዳ ቡና ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከቡናው ላይ የእኛን ዕቃ ይጭናሉ። ሰባራ ሳንቲም አይቀበሉም። እሷ ደግሞ ቤታቸውን ትይዝላቸዋለች።»

«ለእሷስ መቼ ልትነግራት ነው?» አለች ተናኘወርቅ፣ አሁን ድምፅዋ ከፍ ብሎ።

«ዕቃው ታሥሮ ካለቀ በኋላ። አሁን ብነግራት ሥራው ይበደላል።»

በለጡ የያዘችውን ብርጭቆ ገለባ አልብሳ በዝግታ አስቀመጠችና ሌላውን አነሣች። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ዐይኑ ይጨልማል ሲባል ትሰማ ነበር፤ እሷ ግን ብርጭቆውም ገለባውም አጥርቶ ይታያታል። አንዱ ብርጭቆ አፉ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። ይሄ መንገድ አይችልም ብላ ለብቻው አስቀመጠችው። ሥራዋን እስክትጨርስ ድረስ ከጓዳው አልወጣችም።

ላለፈው አንድ ወር በዚህ ቤት ከጉዞው በቀር ሌላ ወሬ አልነበረም። ኪዳነወልድ በዕድገት ወደ አዲስ አበባ እንደተዛወረ ከተነገረው ቀን ጀምሮ፣ በየምሽቱ እራት ከተነሣ በኋላ ሦስቱም ተቀምጠው ጉዞውን እንደ ሸማ ይዘረጉትና መልሰው ያጥፉት ነበር። ከሐረር ድሬዳዋ በአውቶቡስ፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር፣ በሦስተኛ ማዕረግ፤ ከለገሃር ቤቱ ድረስ በጋሪ፤ ለቤቱ የሁለት ወር ኪራይ በቅድሚያ። መንግሥት የሚከፍለው ለሠራተኛው፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ነው፤ ለዕቃ የሚሰጠው አልጋውን እንኳ አያንቀሳቅስም። ድሬዳዋ ሆቴል አድሮ ገንዘብ ከማባከን በማለዳው አውቶቡስ ወርዶ ያኑ ቀን ባቡሩን መያዝ ይሻላል ያለችው በለጡ ነበረች። መንገድ ላይ ምግብ እንዳይገዛ ብላ ጭኮውን አሽታ፣ ዳቦ ቆሎውን ቆልታ በቆርቆሮ ያሸገችውም እሷ ናት። «ትንሿን እኔ አቅፋታለሁ፤ ለእሷ ወንበር አይገዛላትም» ስትልም ማንም «አንቺማ አትሄጂም» አላላትም። ተናኘወርቅ አንገቷን ደፍታ የሕፃኗን ሹራብ መጣፏን ቀጠለች፤ ኪዳነወልድ ቡናውን አማሰለ። ያን ጊዜ ዝምታቸውን መስማማት ብላ ተርጉማው ነበር።

ጨርሶ አልገፋ ያለው የካሚዮኑ ኪራይ ነበር። ሁለት የሞላ አልጋ፣ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን፣ ቡፌ፣ የምግብ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ፤ ለዚህ ሁሉ ባለካሚዮኖቹ የሚጠሩት መቶ ሃያ ብር የኪዳነወልድን የወር ደመወዝ ሊያህል ምንም አልቀረው። በለጡ ቁም ሣጥኑን እንሽጠው ብትል ተናኘወርቅ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ የሠርጓ ዕቃ ነው። ከዚያ ድንገት፣ ከሦስት ቀን በፊት፣ ኪዳነወልድ ከቢሮ እያፏጨ ገባ። ለልጆቹም ከረሜላ ይዞ ነበር። በለጡ ብድር ያገኘ መስሏት «ተመስገን» አለች።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ተናኘወርቅ ወደ ጓዳው ብቅ አለች። «እትዬ፣ ያቺን የብረት ሣጥንና የመዳቡን ድስት ጀሚላ ዘንድ ወስደሽ ብትሸጫቸው። ከሃያ ብር በታች እንዳትሰጪ» አለች፣ የበለጡን ፊት ሳይሆን የሣጥኑን ክዳን እያየች። ሄድ አለችና ተመልሳ መጣች፤ ጥለቱ ገና ያልደበዘዘ ነጠላ ይዛለች። «ይሄን አንቺ ልበሺው። ለእኔ ይከብደኛል።» በለጡ ተቀበለቻት። ተናኘወርቅ የምትለብሰውን ነጠላ ያለ ምክንያት ለሰው የምትሰጥ ሴት አይደለችም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት፤ ሌላ የሚባል አልነበረም።

አንድ ባለ አህያ ጠርታ ዕቃውን አስጫነችና በግንብ ወደተከበበው ጀጎል ወረደች። ሸዋ በር እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። ከሶፊ ገጠር ጫት ይዘው የመጡ ሴቶች እስሮቻቸውን በእርጥብ ቅጠል ሸፍነው መንገዱን ይዘዋል፤ እንጨት የተሸከሙ ግመሎች በሰው መካከል አንገታቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። ከግንቡ ሥር የቆሙት አውቶቡሶች ረዳቶች «ድሬ! ድሬ!» እያሉ ይጮሃሉ። በለጡ ባለ አህያውን አስቁማ ወደ አንዱ ረዳት ጠጋ አለች። ዋጋውን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም።

«ለአንድ ሰው ስንት ነው?»

«ሁለት ብር፣ እናቴ። ዕቃ አለሽ?»

«የለኝም። ሰው ብቻ ነው።»

«ሰው ብቻማ ሁለት ብር።»

የባቡሩንም በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለቱ ሲደመር ካሚዮኑ ከሚጠየቅበት ኪራይ ስምንተኛው እጅ ቢሆን ነው። ይህን መንገድ እየሄደች በሐሳቧ ገለበጠችው። እሷን አዲስ አበባ ማድረስ ቁም ሣጥኑን ከማድረስ ይረክሳል፤ የሚሄደው ግን ቁም ሣጥኑ ነው። ከሕመሙ ይልቅ የሂሳቡ ትክክለኛነት አስገረማት። ኪዳነወልድ ድሮም ሂሳብ አይስትም፤ ጣቷን እያስቆጠረች ያስተማረችው እሷ ናት። እናታቸው በጣሊያን ጊዜ ስትሞት ልጁ ጥርሱን ገና እየለወጠ ነበር። በለጡ አረቄ አውጥታ፣ ጥጥ ፈትላ፣ ለእሷ የመጣውን ባል አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ እያመካኘች መልሳ ነው ለወግ ያበቃችው። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ለራሷም ቢሆን የምታስታውሰው አልፎ አልፎ ነበር።

ጀሚላ የቤት ዕቃ ገዝታ የምትሸጥ የጀጎል ሴት ናት፤ ከበለጡ ጋር ከዐሥር ዓመት በላይ ተገበያይተዋል። ቤቷ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ቀይ አፈር የተቀባውን መደብ በምንጣፍ ሸፍና፣ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ድረስ በሰፌድና በሣህን አስጊጣዋለች። ከውጭው ሙቀት ለመጣ ሰው ውስጡ እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል። ጀሚላ ድስቱን በጣቷ አንኳኩታ፣ ሣጥኑን ከፍታ ማጠፊያውን መርምራ ዐሥራ አራት ብር አለች። በለጡ ሃያ ሁለት አለች። የዝናቡን መዘግየትና የስኳሩን መወደድ እያነሡ፣ ድስቱን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየገፉ ቆዩና ሃያ ላይ ተገናኙ።

«ታዲያ አዲስ አበባን ልታዪ ነው በይኛ፤ ማሻአላህ» አለች ጀሚላ ገንዘቡን ከመቀነቷ እየፈታች።

በለጡ ድስቱን ወደ ጀሚላ ገፋችው። ከዚያ «አንድ ለማ የሚባሉ ቡና ነጋዴ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ከአሰበ ተፈሪ የመጡትን? ዓመትም አልሞላቸው እዚህ ከመጡ። ሚስታቸውን እዚሁ ነው የቀበሩት፤ አላህ ያጽናቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ክፉ አይባልም። እናታቸው ናቸው ፈተናው። ወገባቸውን ይዟቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆዩ። ማንሣት አለ፣ ማገላበጥ አለ፣ ማጠብ አለ፤ ቀን የለ ሌሊት የለ። ሠራተኛ አይበረክትላቸውም። አራተኛዋ ባለፈው ሳምንት ልብሷን እንኳ ሳትሰበስብ ሄደች ሲሉ ሰማሁ።» ጀሚላ ቀና ብላ አየቻት። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው» አለች በለጡ። ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተነሣች። ጀሚላ የቡና ቅጠል ቁጢ ጠጥተሽ ሂጂ ብትላትም አልቆየችም።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በግራ በኩል ነበር። እሷ ግን ከሸዋ በር ወጥታ ቀጥ ብላ ሄደች፤ አንድ ሰው ጠይቃ የአቶ ለማን ግቢ አገኘችው። ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። በረንዳው ላይ የቡና ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ግቢው መካከል የቆመው ካሚዮን ላይ ወዛደሮች ጆንያ ይወረውራሉ። አቶ ለማ የሐዘን ጥቁር ክራቫት ያሰሩ፣ ሽበት የጀመራቸው ሰው ናቸው። ከአቶ ኪዳነወልድ ቤት ነው የመጣሁት ስትላቸው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«በለጡ የምትባዪው አንቺ ነሽ? ነገ አልነበረም እንዴ የምትመጪው?»

«ሥራውን ላየው ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰውየው ጥቂት አመነቱና ወደ ውስጥ መርተዋት ገቡ። የመጨረሻው ክፍል መስኮቱ ተዘግቷል፤ ጨለማው ውስጥ የሽንትና የቁስል ሽታ አፍንጫ ይመታል። አልጋው ላይ ያሉት አሮጊት ቀላልና ነጭ ሆነው እንደ ተባዘተ ጥጥ ትራሱ ላይ ተጋድመዋል። ዐይናቸው ግን ነቅቶ ያያል። «ውኃ» አሉ። በለጡ መስኮቱን ከፈተች፤ ክንዷን ከጀርባቸው ሥር አስገብታ ቀና አደረገቻቸው፣ ብርጭቆውን አስጠግታ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻቸው። የጀርባቸው ቆዳ ተልጦ ቀሚሱ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። በጎናቸው አስተኝታ ጨርቅ ደገፈችላቸው። አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ለቀቁና «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ሳይጠብቁ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ወደ በረንዳው ሲመለሱ አቶ ለማ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ኪዳነወልድ ደግ ሰው ነው። ሁሉንም ነግሮኛል። ወላጆችሽ በልጅነትሽ ሲሞቱ እናቱ ከገጠር አምጥተው እንዳሳደጉሽ፣ ዘመድ ባትሆኚም እንደ ቤተሰብ እንዳኖሩሽ። መልቀቁ አንጀቱን እንደበላው አየሁበት። ደመወዝም አልለመደችም፤ ምግብና ልብስ ይበቃታል አለኝ። እኔም ለካሚዮኑ ምንም አልጠየቅሁትም።»

ወዛደሮቹ ጆንያ ሲወረውሩ ካሚዮኑ ይንገጫገጭ ነበር። በለጡ ያን ድምፅ ብቻ ለረጅም ጊዜ ሰማች። ጠዋት ኮምፔርሳቶው ሥር የሰማችው ነገር አሁን ትንሽ ሆኖ ታያት። ገንዘብ ያጠረው ሰው ዘመዱን ጥሎ ይሄዳል፤ ይህ ያለ ነው፣ ቸግሮት ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሄኛው ግን ችግር የወለደው አልነበረም። የገዛ እህቱን በካሚዮን ኪራይ ለወጠ መባልን ፈርቶ፣ አስቀድሞ እህትነቷን ካደ። አሁን አፏን ከፍታ «የእናቱ ልጅ ነኝ፤ አንድ ጡት ነው የጠባነው» ብትል እኚህ ሰው በኀፍረት ውላቸውን እንደሚያፈርሱ ገባት። ወሬው ከመምሸቱ በፊት ሐረርን ያዳርሳል፤ ነገ እነ ኪዳነወልድ ቤቱን ለባለቤቱ ያስረክባሉ፤ ልጆቹ ከነዕቃቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኪዳነወልድም በደረሰበት ሁሉ ይህ ነገር ይከተለዋል። ትንሽ ቆማ ይከተለው ብላ አሰበች። ከዚያ የሕፃኗ ፊት መጣባት።

«እውነት ነው» አለች። «እናታቸው ናቸው ያሳደጉኝ። ስለ ደመወዙ ግን አቶ ኪዳነወልድ አልጠየቁኝም። በወር ዐሥራ አምስት ብር እፈልጋለሁ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ።»

«ታዲያ ካሚዮኑስ? እሱን እኮ በነጻ የሰጠሁት ስላንቺ ብዬ ነው!»

«እሱ የእርስዎና የእሳቸው ጉዳይ ነው ጌታዬ። እኔ የጫንኩት ዕቃ የለኝም።»

አቶ ለማ ስምንት አሉ። በለጡ «ዐሥራ አምስት» አለች። ሰውየው ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞር ብለው ጆሯቸውን ጣሉ፤ ሁልጊዜ የሚሰማው ማቃሰት አልነበረም። «ዐሥራ ሁለት» አሉ በመጨረሻ፤ «እሑድሽንም ውሰጂ። ዛሬውኑ ግን ግቢልኝ። ካሚዮኑ ዕቃውን ሊጭን ሲመጣ እኔም አብሬ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ቤት ስትመለስ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ነበር። አልጋዎቹ ተፈታተው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ቁም ሣጥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ መስተዋቱ ላይ ሁለት ትራስ ታሥሮበታል። ሃያውን ብር ለተናኘወርቅ አስረከበችና ጓዳ ገብታ ልብሷን በአሮጌው ነጠላ ቋጠረች። ኪዳነወልድ ተከትሏት ገባ። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላብ አጥምቆታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ሲከብደው እንደሚያደርገው አንድ እግሩን በሌላው ላይ አነባብሮ ቆመ።

«እታለም፣ አንድ የማዋይሽ ነገር ነበር።»

«አቶ ለማን አግኝቻቸዋለሁ።»

ኪዳነወልድ እግሩን አውርዶ ቀጥ አለ። «ምን አሉሽ?»

«የነገርካቸውን ነገሩኝ።»

ውጭ ተናኘወርቅ ልጆቹን ትቆጣለች። ኪዳነወልድ የሰበሰበውን እጅጌ ማውረድ ጀመረ። በለጡ ጠበቀችው፤ አንድ ቃል ቢናገር፣ ቢዋሽ እንኳ፣ ለመስማት ዝግጁ ነበረች። «ስደላደል አስመጣሻለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «ቢበዛ ዓመት ነው። ኪራዩ ነው እኮ… አንቺው ታውቂዋለሽ፤ አብረን ነው ያሰላነው።»

«አብረን ነው ያሰላነው» አለች በለጡ። «ብርጭቆዎቹ ከታች እንዳይጫኑ ንገራቸው። ጆንያ ይጫናቸዋል።»

ካሚዮኑ በር ላይ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ወዛደሮቹ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጡ ከቡናው ላይ ጫኑ። ቁም ሣጥኑን ሲያነሡ ኪዳነወልድ ራሱ ገብቶ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ተሰነጠቀ። ጎረቤቶቻቸው ቀን መጥተው ተሰናብተዋል፤ በሩ ላይ ከቤተሰቡና ከአቶ ለማ በቀር ማንም አልነበረም። አቶ ለማ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። በለጡ ጥቅሏን ይዛ ብቅ ስትል ትልቋ ልጅ ትዕግሥት ሮጣ ቀሚሷን ያዘቻት።

«አክስቴ፣ ባቡሩ ላይ ከእኔ ጋር ነው የምትቀመጪው፣ አይደል? እማዬ እንደዚያ ብላኝ ነበር።»

አቶ ለማ ቀና አሉ። «አክስቴ ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁ፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል፣ ወደ ኪዳነወልድ ዞረው።

ኪዳነወልድ ገመድ እያጠበቀ ነበር። እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። ዐይኑን ከቋጠሮው አላነሣም። ተናኘወርቅ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ ወደ ባዶው ቤት ዞረች። ሁሉም የእሱን መልስ ሲጠብቅ በለጡም ጠበቀች፤ ከእነሱ ሁሉ ይበልጥ የጠበቀችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ገመዱ ከእጁ አልወጣም።

«ልጅ ናት፣ ጌታዬ» አለች በለጡ። «የሚያሳድጋቸውን ሁሉ አክስቴ ይላሉ።»

«እንዴታ፤ ልጆች እንዲያ ናቸው» አሉ አቶ ለማ። «በይ እንሂድ፤ እናቴ ብቻቸውን ናቸው።»

የልጅቱን ጣቶች ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ በወንድሟ ፊት ቆማ፣ ሠራተኛ ለጌታው እንደሚያደርገው፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ እጅ ነሣች።

«መንገዱን ያቅናልዎ፣ አቶ ኪዳነወልድ። አዲስ አበባ ላይ ብርድ አለ ይላሉ፤ ልጆቹን ያልብሷቸው።»

በሕይወቷ «እርስዎ» ብላው አታውቅም። ቃሉ ካፏ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት። ኪዳነወልድ ከገመዱ ቀና አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። እታለም ሊላት ነው ብላ አሰበች፤ እሱም ሊላት እንደነበር ዐይኑ ያስታውቅ ነበር። አቶ ለማ ግን አጠገባቸው ቆመዋል፤ ካሚዮኑም ሞተሩን አስነሥቷል።

«አሜን» አላት። «ደኅና ሁኚ፣ በለጡ።»

እሷም ጥቅሏን ብብቷ ሥር ይዛ፣ ከአቶ ለማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ተከተለች።